ማታ በር የሚያንኳኳ እንግዳ፦ የቅድመ ማሳወቂያ ሴቲንግ ችግርና መፍትሄ

ቤቴን ለአጭር ጊዜ ለሚያርፉ እንግዶች በአፕ አከራያለሁ። አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ላይ ስልኬ ጮኸ። አዲስ ቡኪንግ ነው። የሚገባው መቼ ነው ብዬ ሳይ፣ ዛሬ። አንሶላው ገና ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይሽከረከራል። የጽዳት ሠራተኛዋን የቀጠርኳት ለነገ ጠዋት ነው። 40 ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ሻንጣ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ሰውየው ምን አጠፋ? ክፍት ነው ተባለ፣ ከፈለ፣ መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቤቱን ስመዘግብ አንዷን ሴቲንግ «በኋላ አየዋለሁ» ብዬ አልፌያት ነበር።

ያቺ ሴቲንግ ቅድመ ማሳወቂያ ናት። እንግሊዝኛው አፕ ላይ «አድቫንስ ኖቲስ» ይላታል። እንግዳው ቤቱን በያዘበትና በሚገባበት ጊዜ መካከል ቢያንስ ስንት ጊዜ እንዲኖር ትፈልጋላችሁ የሚለውን ነው የምትጠይቀው። እንዲህ ያለ ቤት የሚከራይበት ኤርቢኤንቢ ላይ ምርጫዎቹ የዚያኑ ቀን፣ 1፣ 2፣ 3 እና 7 ቀን ናቸው።

አጠገቧ የሚመሳሰሏት ሁለት ሴቲንጎች አሉ። አንዷ የዝግጅት ጊዜ ናት፤ በሁለት እንግዶች መካከል ሌሊት ትዘጋለች። ሌላዋ ካላንደሩ ወደፊት እስከ ስንት ወር ድረስ ክፍት እንደሚሆን ትወስናለች። እኔ ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት አንዷን መንካት ሲገባ ሌላዋን ከመንካት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን እዩ፣ ከዚያ ነው ሴቲንግ መነካካት።

«ዛሬ የያዘ እንግዳ ዛሬ ይመጣብኛል፣ አልደርስም»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያኑ ቀን መያዝ ተፈቅዷል፤ የመጨረሻ ሰዓቱ፣ ማለትም ከዚያ በኋላ ለዛሬ መያዝ የማይቻልበት ሰዓት፣ ደግሞ ወይ አልተሞላም ወይ በጣም መሽቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ በቀጥታ 2 ቀን ወይም 3 ቀን ላይ ያደርገዋል። ቸኩሎ ነው ባይ ነኝ። ድንገት የሚይዘው እንግዳ ባዶ ሊያድር የነበረውን ሌሊት የሚሞላ ሰው ነው። ከማባረራችሁ በፊት ሰዓቱን ወደኋላ ቁጠሩ።

እኔ የምቆጥረው እንዲህ ነው። እንግዳ የሚገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ጽዳቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሠራተኛዋ ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያስፈልጋታል። እኔ ኖቲፊኬሽኑን አይቼ፣ ደውዬ፣ እሺ እስክባል ሌላ አንድ ሰዓት ልያዝ፤ ሁሌ ስልክ ላይ አልተጣድኩም። ድምሩ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከ9 ላይ ሲቀነስ የዚያኑ ቀን ቡኪንግ የመጨረሻ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሴቲንጉ ግማሽ ሰዓት የማይቀበል ከሆነ ወደ 4 ዝቅ አድርጉት፤ ወደ 5 አታድርሱት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴቲንጉ ቤቱ ይጽዳ አይጽዳ አያውቅም። ትናንት ተወልውሎ ባዶ የተቀመጠውንም፣ ዛሬ ጠዋት እንግዳ የወጣበትንም በአንድ ሰዓት ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ትልቁ መፍትሄ ያለው ከአፑ ውጭ ነው፦ ቤቱን የሚቀጥለው እንግዳ ሊገባ ሲል ሳይሆን ያለፈው እንደወጣ አስጸዱ። ያን ጊዜ ከላይ ካለው ስሌት ጽዳቱም መንገዱም ይወጣሉ። በሩ በኮድ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ማቀበልም የለም። እንዲህ ያለ ቤት እስከ ምሽት ክፍት ቢሆን አይጨንቅም።

«1 ቀን ብዬ ሞልቼ፣ ሌሊት ተይዞ በማግስቱ መጡ»

ብዙ ቦታ «1 ቀን» ማለት 24 ሰዓት አይደለም። የሚቆጠረው ቀን ነው፣ ቀኑ ደግሞ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እንግዳው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ50 ላይ ለነገ ቢይዝ ሲስተሙ አንድ ቀን ቀድሞ እንደያዘ ያየዋል። በእጃችሁ የሚቀረው ግን 15 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ ያውም ግማሹን ተኝታችሁ። ይህ ካልበቃችሁ 2 ቀን አድርጉት። ከበቃችሁ፣ ጠዋት ስትነሱ መጀመሪያ አፑን የማየት ልማድ ይኑራችሁ።

«ሰዓቱን በትክክል ሞልቻለሁ፣ ግን አልሠራም»

ይህ የኛው የአማርኛ ተናጋሪዎች ወጥመድ ነው። «ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አልቀበልም» ብሎ አስቦ፣ አፑ ላይ 6 ቁጥርን ፈልጎ የከሰዓቱን የሚመርጥ ሰው አለ። እዚያ የመረጠው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ በሩን ከፍቶ «ለምን ይመጣሉ?» ይላል። ቀትር ማለት ከፈለጋችሁ አፑ ላይ የከሰዓቱን 12 (12 PM) ነው የምትመርጡት፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነ 12:00። 18:00 ካያችሁ ምሽት 12 ነው። 0:00 ካያችሁ እኩለ ሌሊት ነው።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖም ካልሠራ የቤቱን የሰዓት ቀጠና እዩ። ቆጠራው መሄድ ያለበት ቤቱ ባለበት ቦታ ሰዓት ነው። ቤታችሁን ከሌላ አገር ሆናችሁ የምታስተዳድሩ ከሆነ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል።

«ማንም አይዝም፤ የሚቀጥሉት ቀናት ግራጫ ሆነዋል»

ይህኛው ዝም ብሎ የሚጎዳ ችግር ነው። ማንም በር አያንኳኳ፣ ማንም አያማርር፤ ገንዘቡ ብቻ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ባለቤቱ ጉዞ ነበረው፤ ቅድመ ማሳወቂያውን 7 ቀን አድርጎ ሄደ፤ ተመልሶ ረሳው። ያ 7 ቀን የአንድ ሳምንት እገዳ መስሎት ነበር። ግን ከቀኑ ጋር አብሮ ይሄዳል፦ ዛሬም ካላችሁበት ቀን ወደፊት አንድ ሳምንት ዝግ ነው፣ ነገም እንደዚያው።

መፍትሄው ጊዜያዊውን ከዘወትሩ መለየት ነው። ለጊዜው የማይመቻችሁ ከሆነ፣ ጉዞ፣ ቀለም ቅብ፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ካላንደሩ ላይ ቀናቱን ራሳቸውን ዝጉ። እነዚያ ቀናት ሲያልፉ ነገሩም አብሮ ያልፋል። ቅድመ ማሳወቂያ ለዘወትር ደንብ ብቻ ይሁን።

ግራጫዎቹ ቀናት የቅርቦቹ ሳይሆኑ በሁለት ቡኪንጎች መካከል የተሰነቀሩ ከሆኑ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። የዝግጅት ጊዜን እዩ። «1 ሌሊት» ስትሉ ከእያንዳንዱ ቡኪንግ በፊትም በኋላም ነው የሚዘጋው። አንዱ እንግዳ ወሩ በገባ በ10ኛው ቀን ወጥቶ ሌላው በ12ኛው ቀን ቢገባ፣ የ10 እና የ11 ሌሊት ሁለቱም ይቃጠላሉ፤ አንዱ ለወጣው፣ አንዱ ለሚገባው። ጽዳቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ ቤት ሁለት ሌሊት! እዚያው ሳላችሁ ትንሹን የቆይታ ጊዜም ተመልከቱ። ቢያንስ 2 ሌሊት ብላችሁ ከሆነ አንድ ሌሊት የሆነች ክፍተት በጭራሽ አትያዝም።

«ዘግቼዋለሁ፣ ግን አሁንም ጥያቄ ይመጣል»

የሚመጣው ቡኪንግ ነው ወይስ ጥያቄ? ጥያቄ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። ከቅድመ ማሳወቂያው ባጠረ ጊዜ ለሚመጡ እንግዶች ጥያቄ እንዲልኩ የሚፈቅድ ለብቻው የሚበራ ምርጫ አለ። ኤርቢኤንቢ ላይ ለጥያቄ መልስ የምትሰጡበት 24 ሰዓት አላችሁ። ዛሬ ማታ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ግን 24 ሰዓት አይጠብቅም፤ እናንተም ዝም ካላችሁ የመልስ መጠናችሁ፣ ማለትም ከሚመጡላችሁ ጥያቄዎች ለስንቱ እንደመለሳችሁ የሚያሳየው ቁጥር፣ ይወርዳል። ቤቱ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ አብርታችሁ ተዉት፣ ሲመቻችሁ እሺ በሉ። ሥራ ቦታ ስልክ የማታነሱ ከሆነ አጥፉት።

«በአንድ ማታ ሁለት እንግዳ»

ሁለት ፕላትፎርም ላይ የምታከራዩ ሰዎች ቅዠት። ካላንደሮቹን በሊንክ አገናኝታችኋል፤ ጥሩ። ነገር ግን በሊንኩ የሚያልፈው የተያዘና የተዘጋ ቀን እንጂ ደንባችሁ አይደለም። አንዱ ላይ 1 ቀን ያላችሁት ሌላው ላይ የዚያኑ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሊንኩ ወዲያው አይታደስም፤ በየተወሰነ ሰዓት ነው። ለሚቀጥለው ወር ቡኪንግ ይህ መዘግየት ምንም አይደለም። ለዛሬ ማታ ቡኪንግ ግን አንድ ሰዓትም ብዙ ነው። የኔ ምክር፦ የዚያኑ ቀን መያዝን አንድ ፕላትፎርም ላይ ብቻ ፍቀዱ፣ ሌሎቹን 1 ቀን ላይ አድርጓቸው። በሊንክ ሳይሆን በቀጥታ የሚያገናኝ የካላንደር ሶፍትዌር ካላችሁ ይህ ብዙም አያሳስባችሁ።

እንግዳው በጊዜ ይዞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚደርስባችሁ ከሆነ ግን ቅድመ ማሳወቂያውን አትንኩት። የቼክ ኢን ሰዓት የሚያበቃበትን ሙሉ። ከዓመት በኋላ ላለ ቀን በድሮ ዋጋ ከተያዘባችሁም ካላንደሩ የሚከፈትበትን ወር አሳጥሩ።

«አስተካክያለሁ፣ ግን አንዱ ቀድሞ ይዟል»

ሴቲንግ መቀየር የተያዘውን አይሰርዝም። እናንተ ራሳችሁ ለመሰረዝም አትቸኩሉ፤ አከራይ ሲሰርዝ ቅጣት ሊኖረው ይችላል፣ እንግዳውም መንገድ ላይ ይቀራል። ይልቅ ወዲያው ጻፉለት። እኔ ያን ማታ በር ላይ ከመደንገጥ ይልቅ ይህን መላክ ነበረብኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቤታችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን። ዛሬ ጠዋት እንግዳ ስለወጣ ቤቱ ገና እየተጸዳ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዝግጁ ይሆናል። ሻንጣዎን ከዚያ በፊት ማስቀመጥ ይችላሉ። ካልተመቸዎት ይንገሩኝ፣ አብረን መላ እንፈልጋለን።»

ሰዓቱን ስትጽፉ በእርግጥ የምትደርሱበትን ጻፉ። ለውጭ አገር እንግዳ ከሆነ ደግሞ በሱ አቆጣጠር፤ የምሽቱ 4 ለሱ 22:00 ነው።

በመጨረሻ ሞክሩት። ከአከራይነት አካውንታችሁ ውጡ፣ ወይም የጓደኛ ስልክ ተዋሱ፣ ቤታችሁን እንደ እንግዳ ፈልጉና የዛሬን ቀን ንኩ። አንዴ ከመጨረሻ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ፣ አንዴ አሥር ደቂቃ አልፋችሁ። መጀመሪያ ከፍቶ ኋላ ከዘጋ ሠርቷል።