«ዋጋ በኢንቦክስ» ማለቱን ተዉት

ኮተቤ ውስጥ አንዲት ጠባብ ባልትና ቤት አለችኝ። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎ። ቴሌግራም ላይ መሸጥ ከጀመርኩ 4 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን ጎረቤቶቼ፣ ልብስ ሰፊውም ጫማ ሻጯም፣ «እስኪ ለእኛም አሳዪን» ማለት አብዝተዋል። ለእያንዳንዱ ከምደግም ብዬ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ፣ ዋይፋይ ለማስገባት አትሩጡ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁት በስልኬ፣ በወርሃዊ ጥቅል ነው። ጥቅል የሚበላው ሽያጭ አይደለም፤ ሳትጠሩት የሚወርደው ቪዲዮ ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። ዋይፋይ ያስገባሁት ልጆቹ ለትምህርት ሲፈልጉት ነው። እሱም መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቅሌን ዛሬም አልተውኩም።

ስትከፍቱ ቻናል ክፈቱ፣ ግሩፕ አይሁን። የእኔ የመጀመሪያ ግሩፕ ሳምንት ሳይሞላው በቤት ኪራይ ማስታወቂያና «ቤትዎ ተቀምጠው ዶላር ይሥሩ» በሚል ወሬ ተጥለቀለቀ። ቻናል ላይ የምትለጥፉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሰው ዕቃ አይቶ «ስንት ነው?» ይላል። ሻጩ «ኢንቦክስ» ይላል። ለምን? ጎረቤት ሱቅ እንዳያይ ከሆነ፣ እሱ እንደሆነ ደንበኛ መስሎ ደውሎ ይጠይቃል። እውነተኛው ደንበኛ ግን ይሰለቸውና ሌላ ቻናል ይገባል። እኔ «የማረቆ በርበሬ፣ ተቀምሞ የተፈጨ፣ ኪሎው ይህን ያህል» እያልኩ ያለኝን ሁሉ በአንድ መልእክት ዘርዝሬ ከላይ ፒን አድርጌዋለሁ። የማድረሻውንም ጭምር። ዋጋ ሲጨምር እዚያው ላይ አስተካክላለሁ እንጂ አዲስ አልጽፍም። አሮጌው ከቀረ «ቻናልሽ ላይ ሌላ ነው የሚለው» ተብሎ ጭቅጭቅ ይመጣል።

ዝርዝሩ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ውጭ ላሉት ደንበኞቼ ነው። ዋሽንግተን ያለች ልጅ ከሥራ ገብታ ለእናቷ ሽሮ ልታዝ ስታስብ፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ይችላል። እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ጠዋት ስነሳ «2 ኪሎ ምጥን፣ 1 ኪሎ በርበሬ፣ ለእማዬ፣ ገርጂ» የሚል አገኛለሁ። ዋጋውን መጠየቅ ቢኖርባት ኖሮ ሌላ አንድ ቀን ያልፍ ነበር።

ፎቶ ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ብርሃን ላይ ብቻ ተጨነቁ። በርበሬ ማታ በአምፖል ሲነሳ የቆየ ቡና ይመስላል። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ በሩ ጋ፣ ነጭ ሳህን ላይ አድርጌ አነሳዋለሁ። በማንኪያ ዘግኜ ቀስ ብዬ ሳፈሰውም አጭር ቪዲዮ እቀርፃለሁ። ደቅቆ መፈጨቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የሌላ ሻጭ ፎቶ ግን ወስዳችሁ አትለጥፉ። የታየውና የደረሰው ከተለያየ ደንበኛው ሁለተኛ አይመጣም።

ሱቃችሁን ጉግል ካርታ ላይ አስገቡ፤ ነጻ ነው። «ከፋርማሲው ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴው በር» ከማለት ያድናችኋል። ሰዓቱን ስትሞሉ ግን ተጠንቀቁ። እኔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እሠራለሁ። እንደለመድኩት ጠዋት 2፣ ከዚያ ማታ 1 ብዬ ሞላሁት። ካርታው የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ለካ ሱቄ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ቀን 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል! ሰው ከምሳ በኋላ እየደወለ «ዝግ ነው እኮ ይላል» ሲለኝ፣ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማነሳው። የጠዋቱ 8፣ የማታው 7 ተብሎ ነው የሚሞላው።

ክፍያ። ቴሌብር በ2013 ሲጀምር «የወጣቶች ነገር ነው» ብዬ ንቄው ነበር። ኤም-ፔሳ በ2015 ሲመጣ ግን ማንም አልቀደመኝም። በንግድ ፈቃዳችሁ የነጋዴ ሒሳብ ክፈቱ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የሱቅ ብር አንድ ላይ ሲዞር ትርፍና ኪሳራው አይለይም፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለየሁትም።

አንዴ ለፋሲካ አንድ ሰው 3 ኪሎ በርበሬ አዘዘና የከፈለበትን ስክሪንሾት ላከልኝ። ስሜ አለ፣ ቀኑ አለ፣ የግብይት ቁጥሩ አለ። ሞተረኛው ይዞ ሄደ። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ብሩ የለም። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። የባንክ መልእክት አስመስሎ ከተራ ቁጥር የሚልክም አለ። ከዚያ ወዲህ የማየው ሰው የላከልኝን ሳይሆን የራሴን ሒሳብ ነው። መተግበሪያውን እከፍታለሁ፣ ብሩ መግባቱን አያለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሞተረኛው በሩ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ቢነፋም ፌስታሉ ከእጄ አይወጣም።