ከአንድ አውድማ ስንት ይደርሰኛል? የሳይቴሽን ድርሻን ራሳችሁ ለማስላት

«ጋሼ፣ ጎግል ስኮላር 46 ይለኛል፣ ስኮፐስ 14 ይለኛል። የትኛው ነው የሚዋሸው?»

ደሴ፣ ሆጤ ቤቴ ቶናው እየተቀዳ ነበር፤ ጠያቂው ላፕቶፑን ታቅፎ የመጣ ወጣት መምህር ነው። የማዕረግ ዕድገት ሊጠይቅ ነው፤ ማመልከቻው ላይ «ሥራዎችህ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ?» የሚል ሣጥን አለ። ጎግል ስኮላርና ስኮፐስ ደግሞ አንድ ጥናት በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ (ሳይቴሽን የሚሉት ይህን ነው) የሚቆጥሩ የመረጃ ቋቶች ናቸው። «አብሽር፣ ሁለቱም አልዋሹም» አልኩት። ዕድሜዬን የጨረስኩት በቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው፤ የስንቱን መምህር ሳይቴሽን አብሬ ቆጥሬያለሁ። ያን ቀን ለእሱ ያልኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ተዉትና ስማችሁን ፈልጉ። ሰይድ ይመር አሊ የሚባል ሰው አለ እንበል (ለምሳሌ ነው፤ ሰኞ ገበያ መሀል ቆማችሁ ብትጣሩት ግማሹ ገበያተኛ ዞር ይላል)። እኛ ዘንድ ይመር አባቱ፣ አሊ አያቱ ነው። የመረጃ ቋቱ ግን መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ሰይድ በሁለት ስም ባሳተመበት «ይመር ኤስ»፣ አያቱን በጨመረበት «አሊ ኤስ ዋይ» ሆኖ ይመዘገባል። ከአንድ ሰው ሁለት ሰው ተወለደ ማለት ነው። በዚያ ላይ የላቲን ፊደሉ አለ፦ ሰይድን አንዱ በዋይ ይጽፈዋል፣ ሌላው ያለ ዋይ። መሐመድ የሚባሉትማ አይነሱ፤ ኤሙ አንድ ወይስ ሁለት፣ መጨረሻው ኢ ወይስ ኤ እያሉ አምስት ስድስት ዓይነት መሐመድ ማውጣት ይቻላል።

ይህ በታላላቆቹም ደርሷል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ስለ ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔቶች ያጠኑትን በ1970 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ብቻቸውን የጻፉት ስለሆነ የሚያካፍሉት ድርሻ የለም። ሆኖም የኢትዮጵያን የስም ሥርዓት የሚያውቅ አጥኚ በ«ታደሰ» ሥር ሲያስቀምጣቸው፣ የማያውቀው በአባታቸው በ«ታምራት» ሥር ይዘረዝራቸዋል። በአንዱ ብቻ የፈለገ የሌላውን አያገኝም።

የእኛ ልጅ ችግርም ይኸው ነበር። ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይቀር ስለሚለቅም አብዛኛውን ጊዜ በለጥ ይላል፤ የ32 ልዩነት ግን በዚህ ብቻ አይመጣም። የአባቱን ስም በአንዲት ፊደል ለውጠን ስንፈልግ፣ 30 ጊዜ የተጠቀሰው ጥናቱ ስኮፐስ ላይ ለሌላ «ሰው» ተመዝግቦ ተገኘ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ስማችሁ በላቲን ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ወረቀት ላይ ደርድሩና አንድ በአንድ ፈልጉ። ከዚያ አንዱን ምረጡ፤ እስክትሞቱ እሱ ነው። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 ቦታ መለያ አውጡ። ነፃ ነው፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል፤ ጽሑፍ ስታስገቡ ለጆርናሉ ስጡት። ስኮፐስ ላይ ሁለት ቦታ የተከፈለ ስም ካላችሁ እንዲዋሃድ ጠይቁ። ጎግል ስኮላር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ፦ የስም መንትያችሁን ሥራ ሳትጠይቁት ይጨምርላችኋል። እሱን አውጡት። ያልዘሩትን ማጨድ መጨረሻው ኮሚቴ ፊት ማፈር ነው።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ ነው የአቆጣጠሩ ነገር የሚመጣው።

አራት ሰዎች አንድ ማሳ አብረው አርሰው 12 ኩንታል ጤፍ አገኙ እንበል። የመጀመሪያው አቆጣጠር ለአራቱም «12 ኩንታል አግኝተሃል» ይላቸዋል። አውድማው ላይ ያለው 12 ነው፣ መዝገቡ ላይ ግን 48 ሆነ። ሙሉ ቆጠራ የሚባለው ይህ ነው፤ የጎግል ስኮላር ገጻችሁ የሚያሳያችሁም እሱን ነው። ሁለተኛው እኩል ያካፍላል፦ ሦስት ሦስት ኩንታል። ሦስተኛው ለመጀመሪያው ሰው 12ቱንም ሰጥቶ ሌሎቹን ባዶ እጃቸውን ይሸኛል። አራተኛው እንደ ቅደም ተከተላቸው እየቀነሰ ያካፍላል። ሃርሞኒክ ይሉታል፤ ስሌቱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

ሦስተኛው ጭካኔ ይመስላል፤ የተጀመረው ግን ከወረቀት እጥረት ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዩጂን ጋርፊልድ ያስጀመረው የሳይንስ ሳይቴሽን ማውጫ የሚታተም ጥራዝ ነበር፤ የተጠቀሱት ሥራዎች የሚደረደሩት በመጀመሪያው ጸሐፊ ስም ብቻ ነው። ድንቅነሽን አስቡ። በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችው ሐዳር ነው፤ ሐዳር ያኔ በወሎ ሥር ነበር። ዝርያዋን አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ብሎ የሰየመው ጽሑፍ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሦስት ስም ነበረው፦ ጆሃንሰን፣ ዋይት፣ ኮፐንስ። በዚያ ማውጫ አሠራር ይህን ጽሑፍ የጠቀሰ ሁሉ የሚገኘው በጆሃንሰን ሥር ነው። ዋይትን ወይም ኮፐንስን ብሎ የሄደ አያገኘውም። (ከሦስቱ አንድም የአገር ሰው አልነበረም፤ ሐሩሩ ውስጥ አብረው ስለቆፈሩት አፋሮች የትኛውም ቀመር አይጠይቅም።) የሳይንስ ታሪክ አጥኚው ዴሪክ ደ ሶላ ፕራይስ በ1981 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አንድ ክብር ነው፣ ጸሐፊዎቹ ይካፈሉት ብሎ ተከራክሯል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ በማካፈል ብቻ ባያልቅም።

አሁን ደብተር ወይም ኤክሴል ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ፣ ጸሐፊዎቹ ስንት ናቸው፣ እናንተ ስንተኛ ናችሁ። የእኛ ልጅ ሦስት ጽሑፍ አለው። አንዱ 10 ጊዜ ተጠቅሷል፤ አራት ጸሐፊ፣ እሱ አንደኛ። ሁለተኛው 30 ጊዜ፤ ስድስት ጸሐፊ፣ እሱ አምስተኛ። ሦስተኛው 6 ጊዜ፤ ሁለት ጸሐፊ፣ እሱ ሁለተኛ።

ሙሉ ቆጠራው 46 ነው። እኩል ሲካፈል 10ን ለ4፣ 30ን ለ6፣ 6ን ለ2 ታካፍሉና 2.5 እና 5 እና 3 ይመጣል፤ ድምሩ 10.5። በመጀመሪያ ጸሐፊ ብቻ ከቆጠርን 10።

ሃርሞኒኩ ትንሽ እጅ ይዞ ማሳየት ይፈልጋል። ለአራት ጸሐፊ 1፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ ብላችሁ ደምሩ፤ 2.083 ይሆናል። የአንደኛው ድርሻ 1 ለ2.083 ነው፣ ማለትም 0.48፤ የሁለተኛው 0.24፣ የሦስተኛው 0.16፣ የአራተኛው 0.12። ከ12ቱ ኩንታል ለአንደኛው 5.76 ይደርሰዋል፣ ለመጨረሻው 1.44፤ ሁሉም ሲደመር ተመልሶ 12 ነው። በዚህ ሒሳብ የልጁ የመጀመሪያ ጽሑፍ 4.8 ሰጠው። ሁለተኛው፣ ያ 30 ጊዜ የተጠቀሰው፣ 2.45 ብቻ። ሦስተኛው 2። ድምሩ ወደ 9.2 ነው።

አንዱ ሰው 46፣ 10.5፣ 10 እና 9.2 ሆነ። በሂርሽ መለኪያ (ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁሉም የሚጠይቀው ኤች ኢንዴክስ) ደግሞ 3 ነው፤ ሦስት ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተጠቅሰዋልና። አንደኛ ይሁን አምስተኛ፣ ብቻውን ይጻፍ ከመቶ ሰው ጋር፣ ኤች ኢንዴክስ አይገደውም።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሃርሞኒክ ፍትሐዊ የሚሆነው ስም በሥራ መጠን በተደረደረበት መስክ ነው። በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ እዚያ በኤ የሚጀምር የቤተሰብ ስም ያለው ሰው በአባቱ ስም ብቻ ባለጸጋ ይሆናል። በሕክምናና በሕይወት ሳይንስ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ የቡድኑ መሪ ነው፤ ቀመሩ ግን ጭራ አድርጎ ይቆጥረዋል። በፊዚክስ፣ ስለ ሂግስ ቅንጣት ክብደት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ጽሑፍ 5,154 ጸሐፊዎች አሉት። እሱን ተካፈሉ ብትሏቸው ለአንድ ሰው ፍሬ ጤፍም አትደርስ።

ልጁ 2.45ን አይቶ ዝም አለ። «አምስተኛ የሆንኩት መረጃውን ሁሉ ከመስክ የሰበሰብኩት እኔ ሆኜ ነው» አለ ቆይቶ። ለዚህ ቀመር የለኝም። ቀመሩ የሚያየው ወረቀቱ ላይ የቆማችሁበትን ቦታ ነው፤ ቦታው ደግሞ የሚወሰነው ከመታተሙ በፊት፣ ብዙ ጊዜም በይሉኝታ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት መጠይቅ ይዘን ተንታና ኩታበር ዞርን፤ መረጃውን ያጠራሁትም የተነተንኩትም እኔ ነበርኩ። ሲታተም ስሜን ያገኘሁት ምስጋናው ውስጥ ነው፣ እሱም የአባቴ ስም ተሳስቶ። ምስጋና በሳይቴሽን አይቆጠርም። ሦስተኛ ጸሐፊ ሆኖ የተቀመጠው መስክ ያልወጣ፣ ረቂቁንም ያላነበበ አለቃ ነበር። ያኔ አልተናገርኩም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው መጠይቁ ሳይባዛ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ ነው። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ መስፈርት ከሕክምና ውጭም ይሠራል፤ ጸሐፊ ለመባል አራቱም መሟላት አለባቸው፦ በሐሳቡ ወይም በመረጃው ወይም በትንታኔው ላይ ጉልህ ሥራ መሥራት፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ገንዘብ ማምጣት ወይም አለቃ መሆን ብቻውን አይበቃም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው የቀሩትን ሦስቱን እንዲያሟላ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። መረጃ ያሰባሰበውን ልጅ ረቂቁን ሳያሳዩ ቀርቶ «አላነበበም» ብሎ መሰረዝ አይቻልም። ክሬዲት የሚባለው ዝርዝር ደግሞ 14 የሥራ ድርሻዎች አሉት፤ በየስማችሁ ሥር ማን ምን እንደሠራ ሙሉበት። ጆርናሉ ባይጠይቃችሁ እንኳ ለራሳችሁ ይቀመጥ።

ማመልከቻው ላይ ልጁ አንድ ቁጥር ብቻ አልጻፈም። ሙሉውን፣ እኩል የተካፈለውንና በመጀመሪያ ጸሐፊነት ያገኘውን ሦስቱንም፣ ከየት እንዳወጣውና ያወጣበትን ቀን ጭምር አሰፈረ። ሃርሞኒኩን ተወው፤ ኮሚቴውን ከምታስተምር ተወው ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ።

ለአዲሱ ጥናታቸውም ያቺን አንድ ገጽ አዘጋጅተዋል። አምስት ስም አለባት፤ አራቱ ተፈራርመዋል። የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ከመስክ መልስ እንነጋገርበታለን ብለዋል።