ራሴ ልግጠመው ወይስ ለመካኒክ ልስጠው?

"ይከብዳል እንዴ?" ለመኪናው አዲስ ዕቃ የገዛ ጓደኛዬ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ስፖርት ፊልትሮ ይሁን፣ መኪና ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ይሁን፣ ማርሚታ ይሁን፣ ጥያቄው አይለወጥም። እኔም በጥያቄ ነው የምመልሰው። ተሳስተህ ብትገጥመው የት ነው የምታውቀው? ደጃፍህ ላይ ቆመህ ወይስ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳህ?

የሥራው ክብደት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የአየር ፊልትሮ በደንብ ካልተገጠመ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል ወይም ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ታስተካክሉታላችሁ፣ አለቀ። የፍሬን ሸራ መቀየርም ለለመደ እጅ ቀላል ሥራ ነው። ስህተቱ የሚታወቀው ግን ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፊልትሮ ራሳችሁ ግጠሙ። ዘይት የሚቀባ ዓይነት ከሆነ ዘይቱን አታብዙበት፤ የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር ላይ ሄዶ ይለጠፋል። በተራ ሞተር ላይ በዋናነት የሚቀየረው ድምፁ ነው። ጉልበቱ ጨመረ አልጨመረም በሚለው አንጣላ።

ካንዴላ ደግሞ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ቀስ ካላችሁ። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያው ላይ ያለውን አቧራ በአየር ንፉት፤ አለዚያ ቆሻሻው ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል። አዲሱን ስታስገቡ የቁልፉን እጀታ አስቀምጡና ማስረዘሚያውን በጣታችሁ ብቻ አዙሩ። ሦስት አራት ዙር ለስለስ ብሎ መግባት አለበት። ገና ከመጀመሪያው ዙር ከጠነከረ ጠሞ ገብቷል ማለት ነው፤ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። በአብዛኞቹ መኪኖች ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፣ ካንዴላው ብረት። በጉልበት ከሄዳችሁ ጥርሱ የሚበላው ቴስታታው ነው። ማጥበቂያው ለብዙዎቹ የ14 ሚሊ ሜትር ካንዴላዎች 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የራሳችሁን መኪና ትክክለኛ ልክ ግን ከመጽሐፉ እዩ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ልክ የሚለካ ቁልፍ) ለመግዛት የሚሰስት ሰው ብዙ ሳያስብ ለመካኒክ ይክፈል። "እጄ ያውቀዋል" የሚለው ነገር አይገባኝም።

እኔ እስካሁን ራሴ የማልሠራው ሞላ ከሾክ አብዞርበር ላይ ማላቀቅ ነው። ሞላው እዚያ ላይ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው። መጀመሪያ በመጭመቂያ ሳይያዝ የላይኛው ዳዶ ከተፈታ ይፈናጠራል፣ ፊትም እጅም አይመርጥም። መጭመቂያው ይሸጣል፣ ግን ርካሹን አላምነውም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ሾኩን ከነሞላው እኔ ከመኪናው እፈታለሁ፣ ተሸክሜ ጋራዥ እወስደዋለሁ፣ እነሱ አዲሱን ሞላ ጨምቀው ይገጥሙልኛል፣ መልሼ መኪናው ላይ የማስረው እኔ ነኝ። መካኒኩ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ለምዶኛል።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ጎሚኒ (የእግሩ መጋጠሚያ ላይ ያለ ላስቲክ) ውስጥ የሚያልፉትን ብሎኖች መኪናው እንደተንጠለጠለ አታጥብቋቸው። በእጅ ያዝ አድርጓቸውና የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ጨርሱት። እግሩ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሥራውን ለመካኒክ ብትሰጡም ይህን አንድ ነገር ጠይቁት፤ መልሱ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው፤ እሱ በማሽን ነው፣ ክፈሉ። ክሪክ ብቻ ተማምኖ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ደግሞ ምክሬን አይፈልግም፤ ስታንድ ይግዛ።

ወደ ፍሬን ልመለስ። ሸራና ዲስክ እኔ እቀይራለሁ። የዘይት ቱቦ የሚያስፈታ ሥራ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ትልቅ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) መግጠም፣ ለመካኒክ እሰጣለሁ። መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ ይላላል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያላቸው ብዙ መኪኖች ደግሞ አየሩን ሙሉ በሙሉ ለማውጣት በኮምፒውተር የሚታዘዝ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ዘይቱም እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባበት ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። ከባለፈው ጊዜ የተረፈውን ጠርሙስ አውጥታችሁ አትጠቀሙ።

የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከልና ቱርቦ መጨመር ላይ ሐሳቤ አጭር ነው። ለተራ መካኒክም አትስጡት። ይህን ሥራ የሚሠራው የአየርና የነዳጁን መጠን በሙሉ ጉልበት ላይ እየለካ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። ድብልቁ ነዳጅ ካነሰው ወይም የካንዴላው እሳት ከሰዓቱ ቀድሞ ከመጣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ከፍ ባለ ዙር ላይ ደግሞ ጆሮ ላይሰማው ይችላል። የምታውቁት ፒስተኑ ከተበላ በኋላ ነው።

ማርሚታን በተመለከተ የሚወስነው ዝገቱ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹ ላይ ዝገት ፈቺ ዘይት ንፉና በማግስቱ ሞክሩ። ካልተንቀሳቀሱ እዚያው አቁሙ። ጋራዥ እሳት አለ፣ እናንተ ጋ የለም። ተሰብሮ የቀረ ብሎን ማውጣት ከማርሚታው ሥራ ይበልጣል። መኪናው ሰኞ ጠዋት ለሥራ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነም እሑድ ከሰዓት ምንም ነገር መፍታት አትጀምሩ።

ለመካኒክ ለመስጠት ከወሰናችሁ ዕቃውን ራሳችሁ መግዛታችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ ለሥራቸው ዋስትና ይሰጣሉ፣ ደንበኛ ላመጣው ዕቃ ግን አይሰጡም። ቢያንጠባጥብ ወይም ድምፅ ቢያወጣ እንደገና መፍታቱን ማን እንደሚከፍል ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የአምራቹን የማጥበቂያ ልክ አትሙና አብራችሁ ስጡት። አሮጌውን ዕቃ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ። መኪናው ገና በፋብሪካ ዋስትና ላይ ከሆነ ደግሞ ውሉን አንብቡ፣ ለኢንሹራንሳችሁም አሳውቁ።

እናንተም ሠራችሁት እሱ፣ ጎማ ከተፈታ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ እንደገና ፈትሹ። መኪናው ሲነዳ ዳዶዎቹ ሊላሉ ይችላሉ፤ ፍተሻው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።