ባክአፑ እምቢ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ወዳጄ ደወለችልኝ። «የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ሞቷል። ግን ባክአፕ (የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ) አለን፣ መጥተህ ትመልስልናለህ» አለች። ሄድኩ። ናሱን ከፍቼ የፋይሎቹን ቀን ሳይ የመጨረሻው የየካቲት ነው። አራት ወር ሙሉ ኮምፒውተሩ «ባክአፑ አልተሳካም» ሲል ቆይቷል። እሷም ጠዋት ጠዋት መልእክቱን እየዘጋች ሥራዋን ትቀጥላለች። ክረምቱን የአራት ወር ደረሰኝ ከካርቶን እያወጡ እንደ አዲስ ሲመዘግቡ ከረሙ።

ናስ የምለው ከራውተር ወይም ከስዊች ጋር በኬብል የሚገናኘውን፣ ቢሮው በሙሉ በጋራ የሚጠቀምበትን የዲስክ ሳጥን ነው። እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉት ማለት ነው። ባክአፕ ሲከሽፍ ሁሉም ሳጥኑን ይጠረጥራል። እኔ ግን ሳጥኑ ራሱ ተበላሽቶ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ሳያዩ መልእክቱን መዝጋት

ዊንዶውስ ሲከሽፍበት ረጅም ቁጥር ያወጣል። ያ ቁጥር ነው የሚናገረው። 80070035 ካለ ናሱን በኔትወርኩ ላይ አላገኘውም። 80070005 ካለ አግኝቶታል፣ ግን እንዲገባ አልተፈቀደለትም። 80070070 ካለ ቦታ ሞልቷል። ሦስቱ ፈጽሞ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ቁጥሩን ሳያነቡ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ግማሽ ቀን ይበላል፣ ችግሩም ባለበት ይቀራል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ዝጉት።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው መቀየሩን መርሳት

ይሄ እኛ ጋ በጣም የበዛ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ራውተሩም ናሱም እንደ አዲስ ይነሳሉ። ራውተሩ ለናሱ ሌላ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር፣ ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም የድሮውን አድራሻ ያንኳኳል። ናሱ መብራቱ እየበራ፣ ዲስኩ እየዞረ፣ ባክአፑ «አላገኘሁትም» ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለናሱ ቋሚ አድራሻ አስይዙለት። አንዴ ከተሠራ አበቃ። እግረ መንገዳችሁን ለናሱም ለራውተሩም ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን፣ ግዙ። ናሱ ፋይል እየጻፈ መብራት ድርግም ሲል የሚበላሸው ያ አንድ ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል።

ፓስወርድ ቀይሮ ለባክአፑ አለመንገር

አንድ ሰው ከሥራ ሲለቅ የናሱን ፓስወርድ እንቀይራለን። ትክክል ነው። ግን ኮምፒውተሮቹ የድሮውን ፓስወርድ በክሬደንሺያል ማናጀር፣ ዊንዶውስ ፓስወርዶችን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ውስጥ ይዘውታል። ባክአፑ በየሌሊቱ በድሮው ቁልፍ በሩን ይሞክራል። አንዳንድ ናስ ደግሞ ደጋግሞ የተሳሳተውን ኮምፒውተር ጭራሽ ያግደዋል። ስለዚህ ለባክአፕ ብቻ የሚሆን፣ ማንም ሰው የማይጠቀምበት መለያ ክፈቱ። ሰው ቢመጣ ቢሄድ እሱ አይነካም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር። ቀን ላይ ናሱን ኮምፒውተራችሁ ላይ የምታዩበት የ«ዜድ» ድራይቭ የእናንተ ነው፣ እናንተ ስትገቡ ብቻ የሚመጣ። ባክአፑ በሌላ መለያ ከኋላ የሚሠራ ከሆነ «ዜድ» የሚባል ነገር አያይም። በፊደሉ ፋንታ በሁለት ባክስላሽ የሚጀምረውን ሙሉ የናሱን አድራሻ ስጡት።

የድሮውን ኤስኤምቢ 1 መልሶ መክፈት

ይሄኛው በእውነት ያሳስበኛል። ኮምፒውተርና ናስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። የመጀመሪያው እትም በጣም ያረጀ ነው። በግንቦት 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያ እትም ቀዳዳ ነው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጉሎ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ 10 ይህን እትም አጥፍቶ መምጣት ጀመረ። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ ማሻሻያ ደግሞ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ከለከለ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ አፕዴት ባደረገ ማግስት ባክአፑ ይቆማል። ሰው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፣ «ኤስኤምቢ 1ን ክፈቱ» የሚል ምክር ያገኛል፣ ይከፍታል፣ ይሠራል። የከፈተው ግን በሩን ለሌባም ጭምር ነው። ዳታውን የሚቆልፍ ቫይረስ ገብቶ ኮምፒውተሩንም ባክአፑንም አንድ ላይ ከቆለፈ የት ይኬዳል? ናሱን ራሱን አፕዴት አድርጉ፣ በሴቲንጉ ውስጥ ኤስኤምቢ 2 እና 3ን ክፈቱ፣ በስምና በፓስወርድ ግቡ። ናሱ ከኤስኤምቢ 1 በላይ የማያውቅ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

አንድ ቢሮ «ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጀምር» ብለው ተስማምተው 2:00 ብለው ሞልተውታል። ለኮምፒውተሩ ይሄ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ጥበቃው ቆጣሪውን አጥፍቶታል። ማታ 2 ሰዓት ከፈለጋችሁ 20:00 ብላችሁ ሙሉ። ላፕቶፕ ከሆነም እንቅልፍ እንዳይገባ አድርጉት፤ የተኛ ላፕቶፕ ባክአፕ አያደርግም።

ፒችትሪን ከፍቶ መሄድ

የሂሳብ ክፍሉ ፒችትሪን፣ የሂሳብ መዝገብ የሚይዝበትን ፕሮግራም፣ ሳይዘጋ ወደ ቤት ይሄዳል። የተከፈተ የዳታ ፋይል ተቆልፎ ስለሚቆይ አንዳንድ ፕሮግራም ይዘለዋል። ከሁሉም የሚያመው ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተገልብጦ፣ ዋናው ፋይል ብቻ ቀርቶ፣ መልእክቱ «ከጥቂት ፋይሎች በቀር ተሳክቷል» ይላል። ማታ ስትወጡ ዝጉት። የፒችትሪን የራሱን ባክአፕም ወደ ናሱ ላኩ።

የመጀመሪያውን ባክአፕ በዋይፋይ መሞከር

500 ጊጋ ባይት በደካማ ዋይፋይ መላክ ቀናት ይፈጃል፣ መሃል ላይም ይቆረጣል። በኬብል አድርጉት። ጊጋቢት ኬብልና ስዊች ካላችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ሊያልቅ ይችላል። 12 ሰዓት ከፈጀ ኬብሉን እዩ። ጊጋቢት የሚሠራው ስምንቱም ሽቦ ሲገናኝ ነው፤ አንዷ ከተበጠሰች ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል፣ ማንም ሳያውቅ።

ቦታ ሲሞላ ፋይል በእጅ መሰረዝ

ባክአፕ ብዙውን ጊዜ ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የተለወጠውን ብቻ። የድሮውን ፎልደር ገብታችሁ ስታጠፉ የዛሬው የቆመበትን መሠረት ነው የምታፈርሱት። የማክ የራሱ ባክአፕ ፕሮግራም፣ ታይም ማሽን፣ የያዘውንም በእጅ አትንኩ። የቆየ ባክአፕ የሚቀነሰው ከፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ነው።

«ተሳክቷል» የሚለውን ማመን

መልሳችሁ ካልከፈታችሁት ባክአፕ መሆኑን አታውቁም። ወዳጄ አሁን በየወሩ መጀመሪያ አንድ የቆየ ፋይል ከናሱ አውጥታ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትከፍታለች። ቁጥሮቹን ከደረሰኙ ጋር ታመሳክራለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ፣ ያን ቀን በእስክሪብቶ ታከብበዋለች።