ድምፁ ሲንጣጣ ሶፍትዌሩን አትቀይሩ

ድሬዳዋ ውስጥ በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት የጀመሩ ወጣቶች ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የተሻለው ሶፍትዌር የትኛው ነው?» ብለው ነው። አብዛኞቹን ወደዚህ ጥያቄ የሚያመጣቸው ከታች ያለው የመጀመሪያው ችግር ነው።

ድምፁ ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል

ከበሮና ቤዝ ብቻ ሳለ ደህና የነበረው ሥራ ሦስት አራት ድምፅ ሲጨመርበት እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ከሳቢያን ሰፈር የመጣ አንድ ልጅ በዚህ ተማርሮ ከኤፍ ኤል ስቱዲዮ ወደ ኤብልተን ላይቭ፣ ከዚያም ወደ ሪፐር ተሻግሮ ነበር፤ ሦስቱም የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው። በሦስቱም ተንጣጣበት። አንዱንም ሳይማር ወራት አለፉ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን በትንሽ በትንሹ እያዘጋጀ ለድምፅ ካርዱ ያቀብላል። የአንዱ ቅብብል መጠን በፈር ይባላል። በሴኮንድ 44,100 ናሙና (ድምፁ የተከፋፈለበት ትንሽ ቁራጭ) በሚሠራ ፕሮጀክት በፈሩ 128 ናሙና ከሆነ ለአንዱ ቅብብል ያለው ጊዜ 3 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ 512 ሲሆን 12፣ 1024 ሲሆን ደግሞ 23 ገደማ ይሆናል። ጊዜው ካልበቃ በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ የምትሰሙት መንጣጣት ያ ክፍተት ነው።

የሶፍትዌሩን የድምፅ ቅንብር ክፈቱና ድራይቨሩን፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ወደ አሲዮ ቀይሩ፤ አሲዮ በዊንዶውስ ላይ ድምፁን ብዙ ሳያዘገይ የሚያቀብል ድራይቨር ነው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የራሱን ይዞ ይመጣል፤ ለሌሎቹ አሲዮ ፎር ኦል በነጻ ይገኛል። ኪቦርድ ስትጫወቱ በፈሩን 256 አድርጉት፤ ሚክስ ስታደርጉ (የተቀዱትን ድምፆች ስታመጣጥኑ) ወደ 1024 ከፍ አድርጉት። በፈሩ ሲያድግ ቁልፉን ነክታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ያለው መዘግየት አብሮ ስለሚያድግ አንዱን ቁጥር ለሁሉም ሥራ አትያዙ።

ይህን አድርጋችሁ ጠዋት ደህና የነበረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተንጣጣ ጥፋተኛው ሙቀት ነው። ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ! አየር የሚስበው ከሥሩ ነው፤ ፍራሹ ይደፍነዋል፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሳቢያኑን ልጅ ላፕቶፕ ስንከፍተው የማራገቢያው መውጫ በአቧራ ተሸፍኖ ነበር፤ አቧራው ተጋግሮ በጣት ሲያነሱት እንደ ጨርቅ ተገፎ ወጣ። ማራገቢያውን በብሩሽ ጠረግነው፤ በፈሩን 512 አደረግነው፤ መጀመሪያ በተወው በኤፍ ኤል ስቱዲዮ ያለ አንዳች መንጣጣት ተጫወተ። በባትሪ ስትሠሩም ፍጥነቱ ሊወርድ ስለሚችል ቻርጀሩን ሰክታችሁ የኃይል አጠቃቀሙን ወደ ከፍተኛው አድርጉት።

በፈሩ ትንሽ ነው፣ ድምፁ ግን ይዘገያል

ብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። ባለገመድ ተጠቀሙ።

ያስቀመጥኩት ፕሮጀክት አይከፈትም

የኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሙከራ ቅጂ ሥራችሁን ያስቀምጣል፤ ፈቃዱን እስክትገዙ ግን መልሶ አይከፍትላችሁም። ይህን ሳያውቁ የሳምንት ሥራቸውን የቆለፉ ብዙዎች ናቸው። ገንዘቡ ከሌላችሁ በሪፐር ጀምሩ፤ የ60 ቀን ሙከራው ምንም የሚከለክለው ነገር የለም። ኤልኤምኤምኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ) ቅጂ ግን አትንኩት። ሰዎች እሱን ለመጫን ሲሉ ፀረ ቫይረሱን ያጠፋሉ፣ ቫይረሱ ይገባል፣ ከዚያ ፕሮጀክቱም ፎቶውም አብሮ ይጠፋል። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ጥቂት ነው፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ አትንኩት።

ችክችካው አልመጣልኝም

ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚሰጣችሁ የ4/4 ምት ነው፣ አንዱ ዙር ምት የሚደረደርበት 16 ሳጥን ያለው። ችክችካ 6/8 ስለሆነ ምቱን ወደ 6/8፣ ሳጥኑንም ወደ 12 ቀይሩ። በ16 ላይ እያጠጋጉ መደርደር ዘፈኑ እንዲያነክስ ያደርገዋል።

ድምፅ ጭራሽ የለም

ብዙ አያጋጥምም። የድምፅ ካርዱን ነቅላችሁ ከሆነ ሶፍትዌሩ አሁንም እሱን እየፈለገ ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የላፕቶፑን ድምፅ ማውጫ ምረጡ።