የሞተር ዘይት መቀየር ከማዘግየታችሁ በፊት

ሲንተቲክ ዘይት 10,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አውራ ጎዳና ላይ ለምትውል መኪና ያስኬዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ይለያል። መገናኛ ትራፊክ ውስጥ ቆማችሁም ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ግን አይቆጥርም። አቧራውና ልጆች ትምህርት ቤት የማድረሱ አጭር ምልልስም ዘይቱን ያደክሙታል። ስለዚህ የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ለከባድ አነዳድ የሚለውን የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ተከተሉ። ፊልትሮውንም አብራችሁ ቀይሩ።

የቤተሰብ መኪና ስትመርጡ ደግሞ ሰባት ሰው መያዟን ብቻ አትዩ። ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ካላት ዘይት መቀየር ማዘግየትን እርሱት፤ ቱርቦው በጣም ስለሚግል ያረጀ ዘይት ቶሎ ይጎዳዋል። እኔ ቱርቦ የሌላትን እመርጣለሁ። ያገለገለች ከሆነች የሞተር ዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ጥቁር ዝቃጭ ከተጋገረበት፣ ሻጩ ምንም ቢምል ሌላ ፈልጉ።