ቀልዳችሁ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ሰሚውን መጀመሪያ አሳስቱት

ጎንደር ላይ ቀልድ ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። ጠጅ ቤቱ ሰምና ወርቅ መለየት በለመደ ጆሮ የተሞላ ነው፣ ወርቁ ከቀለለ ማንም ጥርሱን አያሳያችሁም። ሰው ሲስቅ ጭንቅላቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ካወቃችሁ ግን ነገሩ ይቀላል።

ታይዋን ያሉ ተመራማሪዎች ቻይንኛ ተናጋሪዎችን ኤፍኤምአርአይ የሚባል፣ አንጎል ሲሠራ የሚያሳይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ቀልድ ሰጧቸው፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። አንጎል ቀልድን በአንድ ጉርሻ አይውጥም። መጀመሪያ «ይሄ ነገር አልገጠመም» ይላል፣ እዚህ ላይ ጎልቶ የሚሠራው ቀኝ በኩል ነው። ቀጥሎ ወደኋላ ተመልሶ ሌላ ፍቺ ይፈልጋል፣ ይሄ ደግሞ በአብዛኛው የግራው ሥራ ነው። ደስታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኅብር ቃሉን፣ ማለትም ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል ምረጡ፣ ከዚያ ሰሚው በተሳሳተው ፍቺ ተማምኖ እንዲሄድ መንገዱን ጥረጉለት። እንዲህ በሉ፦ ጓደኛዬን በቴሌግራም «ብሬን መቼ ትመልሳለህ?» ብዬ ጻፍኩለት። «ገና ነው» አለኝ። ታኅሣሥ 29ን ጠበቅኩ፣ ዶሮው ተበላ፣ ብሩ የለም። ስደውልለት «አንተ ሰውዬ፣ ገና ነው አልኩህ እኮ!»

መጨረሻ ላይ «ና»ን አላልታችሁ ስትናገሩት ነው የሚፈነዳው። የቴሌግራሙን መልስ ግን ስታወሩ ጠበቅ አድርጉት፣ አለዚያ ገና ከጅምሩ ተበላባችሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ እንዲህ ያለው ቀልድ ጽሑፍ ላይ ይመቸዋል፣ አፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቻይናዎች ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ቃላቸው በድምፅ አንድ ሆኖ በጽሑፍ ይለያያል። ሥራ እንዴት ነው ሲባል አንዱ «የእህት ልጅ ፋኖስ ይዞ» ብሎ ዝም ይላል። የቀረው «ለአጎቱ ያበራል» ነው፣ ድምፁ ደግሞ «እንደ ድሮው» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ሲጻፍ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፣ ያኔ ምስጢሩ ወጣ። እናንተም ቀልዱን ለጆሮ ነው ለዓይን ብላችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ።

የሚያስቀው ቃል መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ከእሱ በኋላ አንዲትም ቃል አትጨምሩ። አንጎል ያልጠበቀው ቃል ሲገጥመው በ400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኤሌክትሪክ ምልክቱ ላይ ይታያል፣ ወደኋላ ተመልሶ ማገጣጠሙ ግን ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ቀልዱን የሚገድለው እዚህ ነው፣ ሰው እያሰበ እያለ እሱ ወሬውን ይቀጥላል።

ይሄን ከአዝማሪ በላይ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። «ተቀበል!» ብላችሁ ግጥም ስትሰጡት ስንኙን ደግሞ ያዜመዋል፣ መሐል ላይ መሲንቆውን ይገዘግዛል። ለእኔ ያ ፋታ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ወርቁን የሚፈልግበት። መሲንቆ ከሌላችሁ ብርሌያችሁን አንሡና ጎንጨት በሉ።

ካልሳቁስ? አታብራሩ። ፍቺውን ስትሰጧቸው ራሳቸው ያገጣጥሙት የነበረውን ነጠቃችኋቸው፣ የሚስቁትም ለይሉኝታ ይሆናል። ዝም ብላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። አንዳንዱ ሂሳብ ሲከፍል ይገባውና ብቻውን ይስቃል።